ቪዲዮ ሲከፈት የሚዘጋ ብሮውዘር፦ ጥፋተኛውን ለይቶ ማስተካከል

ጽሑፍ ስታነቡ፣ ኢሜይል ስትልኩ ብሮውዘሩ ምንም አይለው። ቪዲዮ ስትከፍቱ ግን ጥቂት ሰከንድ ይጫወትና ታቡ ይጠፋል፤ ሲብስም መስኮቱ በሙሉ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ብሮውዘሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ይህ ግን ከሁሉም መፍትሔዎች ብዙ ጊዜ የማይሠራው ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ብሮውዘሩ ውስጥ ሳይሆን ብሮውዘሩ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

አንድ ተራ ድረ ገጽ ለማሳየት ብሮውዘሩ ትንሽ ሠርቶ ያርፋል። ቪዲዮ ግን ዕረፍት የለውም። ታምቆ የመጣውን ዳታ ይፈታል፣ የተፈታውን ምስል በግራፊክስ ሚሞሪ ያስቀምጣል፣ ከድምፁ ጋር ያስማማል፣ በሰከንድ 30 ወይም 60 ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። የ1080 ጥራት አንድ ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ የ4ኬ ምስል ደግሞ 8,294,400። በተለመደው አሠራር አንድ ነጥብ ከተፈታ በኋላ 1.5 ባይት ስለሚይዝ፣ የ4ኬ አንዱ ምስል ብቻውን ከ12 ሜጋባይት በላይ ነው። በሰከንድ 60 ከሆነ 750 ሜጋባይት ገደማ በየሰከንዱ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም)፣ ራም (ጊዜያዊው ሚሞሪ)፣ ኮዴክ (ቪዲዮ የሚታመቅበትና የሚፈታበት ስልት)፣ የድምፅ ካርድ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ፤ ደካማው መጀመሪያ ይወድቃል።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሕግ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልረዳ ወደነበረበት መልሱ። አምስት ነገር በአንዴ ቀይራችሁ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም፤ ከወር በኋላ ሲመለስም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ለሙከራም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በአንድ ዓይነት ጥራት ተጠቀሙ፣ ከመክፈት እስከ መዘጋት ስንት ሰከንድ እንደፈጀም ወረቀት ላይ ጻፉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በአድራሻ መስጫው ላይ የሚጻፉ ትእዛዞችን እዚህ በአማርኛ ፊደል አስቀምጠናቸዋል። ስትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን። «ክሮም://» ብለን የጻፍነውን ኤጅ የምትጠቀሙ ሰዎች «ኤጅ://» ብላችሁ ተኩት።

መጀመሪያ፦ የሞተው ማነው?

ዘመናዊ ብሮውዘር አንድ ፕሮግራም አይደለም። እያንዳንዱ ታብ የራሱ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሮጥ የፕሮግራም ክፍል) አለው፣ ግራፊክሱ የራሱ፣ ድምፁ የራሱ። ስለዚህ «ብሮውዘሬ ክራሽ ያደርጋል» ማለት ብቻውን ብዙ አይነግርም። ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ታቡ ብቻ ሞቶ ሌሎቹ ታቦች ደኅና ከሆኑ፣ ክሮም ላይ «ኦው፣ ስናፕ» የሚል፣ ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ታቡ ክራሽ ማድረጉን የሚናገር ገጽ ታያላችሁ። ጥርጣሬው የራም ማነስ ወይም ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ላይ ነው።

የቪዲዮው ቦታ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ፣ መስኮቱ ሁሉ ብልጭ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ፣ የሞተው የግራፊክስ ፕሮሰሱ ነው። ክሮም ይህን ፕሮሰስ በራሱ መልሶ ያስነሳዋል፤ ደጋግሞ ከወደቀ ግን ግራፊክስ ካርዱን ትቶ በፕሮሰሰሩ ብቻ መሥራት ይጀምራል። «መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ አለና ከዚያ ዝግ አለ» የሚባለው ይህ ነው።

መስኮቱ ያለ ምንም መልእክት በአንዴ ከጠፋ፣ ዋናው ፕሮሰስ ወድቋል። እዚህ ላይ ድራይቨር፣ ጸረ ቫይረስ ወይም የተበላሸ ፕሮፋይል (ቡክማርካችሁና ሴቲንጋችሁ የሚቀመጥበት ፎልደር) ይጠረጠራል።

ኮምፒውተሩ ራሱ ከደረቀ፣ ሰማያዊ ስክሪን ካወጣ ወይም ከጠፋ፣ ብሮውዘሩን ተዉት። ስለ ድራይቨርና ስለ ሙቀት ወደተጻፉት ክፍሎች ቀጥታ እለፉ፤ ጤነኛ በሆነ ኮምፒውተር ላይ አንድ ተራ ፕሮግራም ማሽኑን ሊያጠፋ አይችልም።

ክብ ምልክት እየዞረ ቪዲዮው የሚቆም ከሆነ ግን ይህ ክራሽ አይደለም፣ የኢንተርኔት ፍጥነት ነው። ቀርፋፋ ኔትወርክ ቪዲዮን ያስቆማል እንጂ ብሮውዘርን አይዘጋም።

ማስረጃውን አንብቡ

ክሮም ላይ «ክሮም://ክራሽስ»፣ ፋየርፎክስ ላይ «አባውት:ክራሽስ» ብላችሁ ክፈቱ። ያለፉት ክራሾች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ራሱ መልስ ነው፦ ብሮውዘሩ ሪፖርት ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም ገድሎታል፣ አለዚያም ሪፖርት መላክ ተዘግቷል።

ዊንዶውስ ላይ ከዚህ የተሻለ መስኮት አለ። ስታርት ላይ «ሪላያቢሊቲ» ብላችሁ ፈልጉና «ቪው ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» የሚለውን ክፈቱ። ብሮውዘሩ በወደቀበት ቀን ቀይ ምልክት ይኖራል። እሱን ተጭናችሁ የቴክኒክ ዝርዝሩን ስታዩ «ፎልት ሞጁል ኔም» የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ ከጠቅላላው ወረቀት ወርቁ ይህ መስመር ነው። የፋይሉ ስም በኤን እና ቪ ፊደሎች ከጀመረ የኤንቪዲያ ድራይቨር፣ በአይ፣ ጂ እና ዲ ከጀመረ የኢንቴል፣ በኤ፣ ኤም እና ዲ ወይም በኤ፣ ቲ እና አይ ከጀመረ የኤኤምዲ መሆኑ አይቀርም። የጸረ ቫይረሳችሁ ስም ከወጣ ደግሞ ፍለጋው እዚያው አለቀ።

ቀጥሎ «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ ገብታችሁ በ«ሲስተም» ሥር፣ ምንጩ «ዲስፕሌይ» የሆነ ቁጥር 4101 መልእክት ካለ ተመልከቱ። ዊንዶውስ የግራፊክስ ድራይቨሩ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠ በራሱ አጥፍቶ ያስነሳዋል፤ 4101 የዚያ መዝገብ ነው። ሰዓቱ ከክራሹ ሰዓት ጋር ከገጠመ ጥፋቱ የድራይቨር ወይም የካርዱ ነው፣ ኤክስቴንሽን መፈተሽ ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ታቡ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቃልም አትለፉት። «አውት ኦፍ ሚሞሪ» ካለ ወደ ራም ክፍል ሂዱ። «ስታተስ አክሰስ ቫዮሌሽን» ካለ አንድ ፕሮግራም የእሱ ያልሆነ የሚሞሪ ቦታ ነክቷል ማለት ነው፤ ይህ በድራይቨር፣ ወደ ብሮውዘሩ ሰርጎ በገባ ሌላ ፕሮግራም ወይም በተበላሸ ራም ሊመጣ ይችላል።

አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ማጣሪያ

1. ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» አድርጉ። «ሸት ዳውን» አይበቃም፤ ዊንዶውስ «ፋስት ስታርታፕ» ከበራ ሲዘጋ የድራይቨሮችን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲነሳ ያንኑ ይመልሰዋል፣ የታመመውን ድራይቨር ጨምሮ።
2. ብሮውዘሩን አፕዴት አድርጉ። የሦስት ነጥቡን ሜኑ ክፈቱ፣ «ሄልፕ»፣ ቀጥሎ «አባውት»። አፕዴቱ ከወረደ በኋላ «ሪላንች» ካልተጫናችሁ የሚሠራው አሮጌው ነው።
3. ያንኑ ቪዲዮ በግል መስኮት ሞክሩ፤ ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤን፣ ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ፒ። ክሮም በግል መስኮት ውስጥ እናንተ ካልፈቀዳችሁ በቀር ኤክስቴንሽኖችን አያስገባም። እዚያ ደኅና ከተጫወተ ጥፋቱ በኤክስቴንሽን ወይም በተቀመጠ ዳታ ነው።
4. ሌላ ድረ ገጽ ላይ ሌላ ቪዲዮ ክፈቱ። አንድ ገጽ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ የዚያን ገጽ ኩኪና ካሽ (ገጹ ማሽናችሁ ላይ ያስቀመጠውን ዳታ) ብቻ አጥፉ፤ የሁሉንም ማጥፋት ከየቦታው ሎግ አውት ያደርጋችኋል።
5. በሌላ ብሮውዘር ሞክሩ።

አምስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭና ቪቫልዲ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሞተራቸው አንድ ነው፣ ክሮሚየም። ክሮም ወድቆ ኤጅም ቢወድቅ ምንም አዲስ ነገር አልተማራችሁም። ትርጉም ያለው ሙከራ ከክሮም ወደ ፋየርፎክስ ወይም ከፋየርፎክስ ወደ ክሮም ሲሆን ነው። በሁለቱም ከወደቀ ብሮውዘር ላይ ያተኮሩ መፍትሔዎችን ሁሉ ዘልላችሁ ወደ ድራይቨር እለፉ።

በነገራችን ላይ፣ ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽ ፕሌየር ጫኑ» ወይም «አፕዴት አድርጉ» የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ወዲያው ዝጉት። አዶቤ ፍላሽን መደገፍ ያቆመው በታኅሣሥ 31፣ 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከጥር 12፣ 2021 ጀምሮ ደግሞ ፕሌየሩ ራሱ ይዘት እንዳያጫውት ተዘግቷል። ዛሬ በዚያ ስም የሚመጣ ማሳሰቢያ ማጭበርበሪያ ወይም ቫይረስ ነው። ከፍላሽ ዘመን የቀሩ የመፍትሔ ጽሑፎችም አሁን ዋጋ የላቸውም።

ኤክስቴንሽን፦ በግማሽ በግማሽ

የግል መስኮቱ ከሠራ፣ ኤክስቴንሽኖችን አንድ በአንድ አታጥፉ። ግማሾቹን በአንዴ አጥፉና ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከጠፉት ውስጥ ነው፣ ካልጠፋ ከቀሩት። ያንን ቡድን ደግሞ ለሁለት ክፈሉ። 16 ኤክስቴንሽን ቢኖራችሁ በ4 ሙከራ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ማስታወቂያ የሚያግዱት (በተለይ ሁለት ሦስቱ አብረው ሲጫኑ)፣ ቪዲዮ የሚያወርዱት፣ የቪዲዮ ፍጥነትና ድምፅ የሚቀይሩት፣ ገጹን ወደ ጨለማ ቀለም የሚለውጡት ናቸው።

ፋየርፎክስ «ትራብልሹት ሞድ» የሚባል አለው፤ ሺፍትን ተጭናችሁ ስትከፍቱት ይመጣል። ግን ጥንቃቄ፦ ይህ ሞድ ኤክስቴንሽኖችን ብቻ ሳይሆን ሃርድዌር አክስለሬሽንንም ያጠፋል። እዚያ ከሠራ «ኤክስቴንሽን ነው» ብላችሁ አትደምድሙ፤ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ሃርድዌር አክስለሬሽን፦ መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም

ይህ ክፍል የጉዳዩ እምብርት ነው። ሃርድዌር አክስለሬሽን ማለት ብሮውዘሩ ቪዲዮ መፍታትንና ምስል መሳልን ከፕሮሰሰሩ ላይ አንሥቶ ለግራፊክስ ካርዱ መስጠቱ ነው። ሲሠራ ኮምፒውተሩ አይሞቅም፣ ባትሪም ይቆያል። ድራይቨሩ ሲበላሽ ግን ቪዲዮ ላይ ብቻ የሚታይ ክራሽ ዋና ምንጭ ይሆናል።

ክሮም ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱና «ዩዝ ግራፊክስ አክስለሬሽን ዌን አቬይለብል» የሚለውን አጥፉ፣ ከዚያ «ሪላንች»። ኤጅም ተመሳሳይ ማብሪያ ማጥፊያ በሲስተም ክፍሉ አለው። ፋየርፎክስ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ ወደ ታች ወርዳችሁ «ፐርፎርማንስ»፤ መጀመሪያ የሚመከረውን ሴቲንግ የሚለውን ምልክት አንሡ፣ ያኔ ከሥሩ የሃርድዌር አክስለሬሽን ምልክት ይገለጣል፣ እሱንም አንሡ። ሁሉንም መስኮት ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ።

አሁን ያንኑ ቪዲዮ አጫውቱ። ክራሹ ከቀጠለ አክስለሬሽኑን መልሳችሁ አብሩና ወደ ራምና ወደ ውጭ ፕሮግራሞች እለፉ። ክራሹ ከጠፋ ጥፋተኛው ግራፊክስ ድራይቨሩ ወይም ካርዱ እንደሆነ አወቃችሁ ማለት ነው። አብዛኛው ምክር እዚህ ላይ ያበቃል፤ «አጥፉት፣ ተገላገላችሁ» ይላል። ይህ ጣራው ሲያፈስ ባልዲ እንደ መደቀን ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን 1080 ጥራት በ60 ምስል ሲፈታ ይንተከተካል፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ ይጮኻል፣ ባትሪው ያልቃል፣ 4ኬ ደግሞ መንገጫገጭ ይጀምራል።

ሁሉንም ከማጥፋት በፊት ቀዳዳውን ማጥበብ ይቻላል። አክስለሬሽኑን መልሳችሁ አብሩና ቪዲዮ መፍታቱን ብቻ ለይታችሁ አጥፉ፤ ምስል መሳሉ በካርዱ ላይ እንዳለ ይቀጥላል። ክሮም ላይ «ክሮም://ፍላግስ» ከፍታችሁ «ሃርድዌር አክስለሬትድ ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለውን «ዲስኤብልድ» አድርጉ። ፋየርፎክስ ላይ «አባውት:ኮንፊግ» ውስጥ «ሚዲያ.ሃርድዌር-ቪዲዮ-ዲኮዲንግ.ኤኔብልድ» የሚለውን ፈልጋችሁ ወደ «ፎልስ» ቀይሩት። በዚህ ብቻ ከዳነ የታመመው የካርዱ ቪዲዮ ፈቺ ክፍል ወይም የእሱ ድራይቨር ነው። ካልዳነ ክሮም ላይ እዚያው ፍላግስ ውስጥ «አንግል ግራፊክስ ባክኤንድ» የሚለውን (ምስል የሚሳልበትን መንገድ የሚመርጥ ነው) ከ«ዲፎልት» ወደ «ኦፕንጂኤል» ቀይራችሁ ሞክሩ። የባሰ ነገር ከመጣ «ሪሴት ኦል» የሚለው ቁልፍ ሁሉንም ይመልሳል።

አንድ ጥሩ ልማድ፦ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ፣ «ፐርፎርማንስ» ሥር «ጂፒዩ» ላይ «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለውን ግራፍ እያያችሁ ቪዲዮውን አጫውቱ። ከ0 ካልተነሣ ካርዱ እየፈታ አይደለም። «ክሮም://ጂፒዩ» ብትከፍቱም «ቪዲዮ ዲኮድ» ፊት ለፊት በሃርድዌር ወይም በሶፍትዌር ብቻ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ የግራፊክስ ፕሮሰሱ ከመውደቁ በፊት የጻፋቸው መልእክቶች አሉ።

ድራይቨሩን በትክክል መቀየር

ክራሹ የጀመረው መቼ ነው? ዊንዶውስ ወይም ድራይቨሩ በቅርቡ አፕዴት ካደረገ በኋላ ከሆነ ወደ ኋላ ተመለሱ፦ «ዲቫይስ ማኔጀር»፣ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ»፣ ካርዱ ላይ በቀኝ ተጫኑ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ድራይቨር»፣ «ሮል ባክ ድራይቨር»። ቁልፉ ደብዝዞ ካልተጫነ የቀድሞው ድራይቨር በማሽኑ ላይ የለም።

ለረጅም ጊዜ አፕዴት ካልተደረገ ወደ ፊት ሂዱ። ዲቫይስ ማኔጀር «ምርጡ ድራይቨር ተጭኗል» ቢላችሁ አትመኑት፤ ዊንዶውስ የሚያየው ራሱ የሚያውቀውን ዝርዝር ብቻ ነው። ከኢንቴል፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ቀጥታ አውርዱ። ላፕቶፕ ከሆነ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ጀምሩ፤ አንዳንድ ላፕቶፖች የተለየ ድራይቨር ይፈልጋሉ።

አሮጌው ላይ አዲሱን መደረብ አንዳንዴ የተበላሸውን ፋይል እንዳለ ይተወዋል። ንጹሕ አጫጫን እንዲህ ነው፦

1. አዲሱን ድራይቨር ቀድማችሁ አውርዱ።
2. ኢንተርኔቱን አጥፉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ በመሃል የራሱን ይጭናል።
3. ኤንቪዲያ ከሆነ ሲጫን «ከስተም» መርጣችሁ «ፐርፎርም ኤ ክሊን ኢንስታሌሽን» ላይ ምልክት አድርጉ። ኤኤምዲ የራሱ ማጽጃ ፕሮግራም አለው። ይህ ካልበቃ «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስታለር» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በ«ሴፍ ሞድ» (ዊንዶውስ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ) አስነሥታችሁ አሮጌውን ከሥሩ ንቀሉ።
4. አዲሱን ጫኑ፣ ሪስታርት፣ ኢንተርኔቱን መልሱ።
5. ክሮምን ወይም ኤጅን ዝጉና በ«ዩዘር ዳታ» ፎልደሩና በሥሩ ባለው ፕሮፋይል ውስጥ ያሉትን «ሼደርካሽ» እና «ጂፒዩካሽ» የሚባሉ ፎልደሮች ሰርዙ። በአሮጌው ድራይቨር የተሠሩ ፋይሎች ናቸው፤ ብሮውዘሩ ሲከፈት አዲስ ይሠራል።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ የራሱ ጣጣ አለው። ቪዲዮው በአንዱ ተፈትቶ በሌላው ሲሳል መሃል ላይ ይሰናከላል። ዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» ገብታችሁ ብሮውዘሩን ጨምሩና «ፓወር ሴቪንግ» ምረጡለት፤ ካልሆነ «ሃይ ፐርፎርማንስ»። አንዱ ካርድ ላይ ማስቀመጥ ብቻ የሚያድነው ብዙ ማሽን አለ። ኤችዲአር (የስክሪኑን ብርሃንና ቀለም የሚያሰፋው ሴቲንግ) የበራ ከሆነም ለሙከራ አጥፉት፤ ሁለት የተለያየ የማደሻ ፍጥነት ያላቸው ሞኒተሮች ከተሰኩ አንዱን ንቀሉ።

ሊኑክስ ላይ ቪዲዮ በካርዱ የሚፈታው በቪኤ-ኤፒአይ በኩል ነው። ተርሚናል ላይ «ቪኤኢንፎ» ብላችሁ ስትጠይቁት ስህተት ከመለሰ ድራይቨሩ አልተሟላም። ማክ ላይ ግን የግራፊክስ ድራይቨር ለብቻው አይጫንም፣ ከሲስተሙ አፕዴት ጋር ነው የሚመጣው።

ኮዴክ፦ በአንድ ጥራት ሠርቶ በሌላው ለምን ይወድቃል?

ቪዲዮው በ480 ደኅና ተጫውቶ በ1440 የሚወድቅ ከሆነ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም ተቀይሮ ይሆናል። ዩቲዩብ ያንኑ ቪዲዮ እስከ ሦስት ዓይነት ኮዴክ ያስቀምጣል፦ ኤች.264፣ ቪፒ9 እና ኤቪ1። ኤች.264ን ማንኛውም ካርድ ማለት ይቻላል ይፈታል፣ ዩቲዩብ ግን ከ1080 በላይ አይሰጥበትም። ቪፒ9ን በሃርድዌር በሙሉ ለመፍታት ከኢንቴል 7ኛ ትውልድ፣ ከኤንቪዲያ ደግሞ የጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ያስተማምናል። ኤቪ1 የኢንቴል 11ኛ ትውልድ፣ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 30፣ የኤኤምዲ አርኤክስ 6000 (ከዝቅተኞቹ 6400 እና 6500 በቀር) ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ይፈልጋል።

የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ለማወቅ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ተጭናችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» ክፈቱ። «ኮዴክስ» የሚለው መስመር በኤቪሲ፣ በቪፒ ወይም በኤቪ01 ይጀምራል። በኤቪ01 ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ በዩቲዩብ አካውንታችሁ «ፕሌይባክ» ሴቲንግ ውስጥ የኤቪ1 ምርጫን ዝቅ አድርጉ፤ ወይም እንደ «ኤች264ፋይ» ያለ ኤክስቴንሽን ጭናችሁ ገጹ ኤች.264 እንዲሰጣችሁ አስገድዱ። ከ1080 በላይ ታጣላችሁ፣ ለአሮጌ ማሽን ግን ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ይህ ነው፤ ካርዱም ሥራውን ይሠራል፣ ፕሮሰሰሩም ያርፋል።

ስማቸው መጨረሻ ላይ ኤን ፊደል ያለባቸው የዊንዶውስ ዓይነቶች የሚዲያ ክፍላቸው ተቀንሶ ነው የሚመጡት። ፋየርፎክስ ኤች.264ን የሚፈታው በዊንዶውስ ክፍል በኩል ስለሆነ እዚያ ላይ ቪዲዮ እምቢ ይለዋል። «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ «ሚዲያ ፊቸር ፓክ» ጫኑ።

የሚወድቀው ክፍያ የሚጠይቁ የፊልም ገጾች ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮዴኩን ሳይሆን ዋይድቫይንን ጠርጥሩ፤ የተቆለፈ ቪዲዮ የሚከፍተው ክፍል ነው። «ክሮም://ኮምፖነንትስ» ውስጥ ስሙን ፈልጋችሁ «ቼክ ፎር አፕዴት» ተጫኑ። ፋየርፎክስ ላይ «አድኦንስ» ሥር «ፕለጊንስ» ውስጥ አለ፤ አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት።

ራም

ክሮም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕ ስትጫኑ የብሮውዘሩ የራሱ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ቪዲዮው እየተጫወተ የታቡን ሚሞሪ ተመልከቱ። ከፍ ብሎ ቢረጋ ጤነኛ ነው፤ ያለማቋረጥ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሚፈስ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜም ኤክስቴንሽን ነው።

4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ 20 ታብ ከፍቶ 1080 ቪዲዮ ማጫወት ክራሽን መጥራት ነው። ታብ ቀንሱ፤ ጥራቱን ወደ 480 ማውረድም የነጥቦቹን ብዛት በ5 እጥፍ ያቀላል። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 32 ቢት ብሮውዘር የጫነ ሰውም አለ፤ «አባውት» ገጹ ላይ ይጻፋል። 32 ቢት ከሆነ ማሽኑ 16 ጊጋባይት ቢኖረውም አንድ ፕሮሰስ ከ4 ጊጋባይት በላይ መንካት አይችልም።

ራሙ በቂ ሆኖ «አውት ኦፍ ሚሞሪ» ከወጣ የዊንዶውስን ፔጅ ፋይል (ራም ሲሞላ ዲስክ ላይ የሚያግዘውን ፋይል) ተመልከቱ። «ማሽኑን ያፈጥናል» በሚል የተሳሳተ ምክር ብዙ ሰው ያጠፋዋል። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ»፣ «ፐርፎርማንስ»፣ «አድቫንስድ»፣ «ቨርቹዋል ሚሞሪ» ገብታችሁ ዊንዶውስ በራሱ እንዲቆጣጠረው መልሱት። ዲስኩም ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ከሞላ ፔጅ ፋይሉ ማደግ አይችልም።

ክራሹ ቦታና ሰዓት የማይመርጥ፣ የስህተቱ ቃል በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ የራሙ ቺፕ ራሱ ይጠርጠር። «ሜምቴስት86»ን በፍላሽ ዲስክ አስነሥታችሁ ቢያንስ 4 ዙር ይሂድ፣ ሌሊቱን ተዉት። የተፈቀደ የስህተት ብዛት የለም፤ አንድም ቢሆን ብዙ ነው።

ድምፅና የውጭ ፕሮግራሞች

ድምፅን ማንም አይጠረጥረውም። ሙከራው ቀላል ነው፦ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የድምፅ ካርዱን «ዲስኤብል» አድርጋችሁ ቪዲዮውን ያለ ድምፅ አጫውቱ። ካልወደቀ የድምፅ ድራይቨሩን ቀይሩ፣ በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ» የሚለውን አጥፉ። ብሉቱዝ ማዳመጫ ሲገናኝ ወይም ሲለያይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነም ምንጩ ይኸው ነው።

ሌሎች ፕሮግራሞች ወደ ብሮውዘሩ ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ያስገባሉ፦ ጸረ ቫይረስ፣ ስክሪን የሚቀርጹ፣ ጨዋታ ላይ የምስል ፍጥነት የሚያሳዩ እንደ ሪቫቱነር ያሉ። «ክሮም://ኮንፍሊክትስ» እና ፋየርፎክስ ላይ «አባውት:ሰርድ-ፓርቲ» ማን እንደገባ ይዘረዝራሉ፤ ፋየርፎክስ እዚያው እንድታግዱትም ይፈቅዳል። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ «ኤምኤስኮንፊግ» ክፈቱ፣ «ሰርቪስስ» ሥር የማይክሮሶፍትን ደብቁ፣ የቀሩትን አጥፉ፣ ሪስታርት አድርጉ። ከሠራ እንደ ኤክስቴንሽኖቹ በግማሽ በግማሽ መልሱ።

ፕሮፋይል፣ ከዚያ ብቻ ዳግም መጫን

ብሮውዘሩን አጥፍቶ መጫን የማይረዳው ፕሮፋይሉ ሳይነካ ስለሚቀር ነው። ቡክማርኩ፣ ሴቲንጉ፣ የተበላሸውም ፋይል ዲስኩ ላይ ይቀመጣል፣ አዲሱ ብሮውዘር መጥቶ ይወርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ ፕሮፋይል ፍጠሩ፤ ክሮም ላይ ከላይ ካለው የፕሮፋይል ምስል፣ ፋየርፎክስ ላይ ከ«አባውት:ፕሮፋይልስ»። ባዶው ፕሮፋይል ላይ ቪዲዮው ከሠራ ቡክማርካችሁን ብቻ አሻግሩ። እዚያም ከወደቀ ዳግም መጫን አያድናችሁም።

ዊንዶውስ 7 ወይም 8.1 ላይ ያላችሁ፣ የመጨረሻው የሚሠራላችሁ ክሮም 109 ነው፤ ከ2023 መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ጥገና አላገኘም። እዚያ ላይ የሚታይ የቪዲዮ ክራሽ በሴቲንግ ማሳደድ ብዙም አያዋጣም።

ስልክ ላይ

አንድሮይድ ላይ ከፕሌይ ስቶር ክሮምንና «አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው»ን አንድ ላይ አፕዴት አድርጉ። ዌብቪው ሌሎች አፖች ውስጥ ድረ ገጽ የሚከፍተው ክፍል ነው፤ በመጋቢት 2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተበላሸ የዌብቪው አፕዴት በዓለም ዙሪያ አፖችን ሲዘጋ መፍትሔው ይኸው የሁለቱ አፕዴት ነበር። ከዚያ የክሮምን ካሽ ከስልኩ ሴቲንግ አጽዱ። አይፎን ላይ ግን በአብዛኛው አገር ሁሉም ብሮውዘሮች ከውስጥ የሳፋሪ ሞተር፣ ዌብኪት፣ ናቸው፤ ስለዚህ ክሮምን በፋየርፎክስ መቀየር ሙከራ አይሆንም፣ የሲስተሙ አፕዴት ነው የሚረዳው።

ማሽኑ ራሱ ሲሆን

ቪዲዮው ከ10 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ሙቀት ይጠርጠር። ታስክ ማኔጀር የብዙ ካርዶችን ሙቀት በ«ጂፒዩ» ገጽ ላይ ያሳያል። አቧራውን አጽዱ፣ ላፕቶፑን ከአልጋ ላይ አንሡ። ካርዱን ወይም ራሙን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ያስኬዳችሁ ከሆነ መልሱት፤ ጨዋታ ላይ የማይታይ አለመረጋጋት ቪዲዮ ፈቺው ላይ ሊወጣ ይችላል። የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያላችሁ ደግሞ ከነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ የወጣ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ጫኑ፤ ከቮልቴጅ ጋር በተያያዘ ችግር ፕሮግራሞች ያለ ምክንያት ሲወድቁ ኢንቴል ማስተካከያ አውጥቶበታል።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ችግሩ ከቀጠለ ለብሮውዘሩ ሠሪዎች ሪፖርት አድርጉ። ክሮም «ሄልፕ» ሥር «ሪፖርት አን ኢሹ» አለው፤ ፋየርፎክስ ላይ አባውት:ክራሽስ ውስጥ ያለውን ሪፖርት «ሰብሚት» ማለት ይበቃል። የክራሹን መለያ ቁጥር፣ የብሮውዘሩንና የድራይቨሩን ቁጥር፣ ስታትስ ፎር ነርድስ ላይ ያያችሁትን ኮዴክ፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ አክስለሬሽኑ ጠፍቶም እንደሚወድቅና እንደማይወድቅ ጻፉ። «ቪዲዮ ስከፍት ይዘጋል» ብቻ የሚል ሪፖርት ማንም ሊሠራበት አይችልም።